ስለ «ካቴድራሉና ባዛሩ»፤ የሰጪው እጅና የአንባቢው ዓይን

ኦፕን ሶርስ ስለሚባለው ሶፍትዌር፣ ማለት ምንጩ ለማንም ተገልጦ ስለሚታየውና ማንም አሻሽሎ ሊመልሰው ስለሚፈቀድለት የኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ ከተጻፉት ድርሰቶች የኤሪክ ሬይመንድን «ካቴድራሉና ባዛሩ» ያህል ስሙ የተጠራ ጥቂት ነው። ድርሰቱ በመጀመሪያ የተሰማው በሜይ 1997 በጀርመን አገር በቩርዝቡርግ ከተማ በተደረገው የሊኑክስ ጉባኤ ላይ ነው፤ በ1999 ከሌሎች ድርሰቶች ጋራ በመጽሐፍ ታተመ። (የኢትዮጵያ ነው ካላልን በስተቀር የምናነሣው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ በጃንዋሪ 1998 የፕሮግራሙን ምንጭ ለሕዝብ እገልጣለሁ ብሎ ሲያስታውቅ፣ ይህ ድርሰት በውሳኔው ላይ ድርሻ እንደ ነበረው የኩባንያው ሰዎች ራሳቸው መስክረዋል። በእኛም መካከል ኮምፒዩተር የሚማረው ተማሪ ድርሰቱን ባያነበው እንኳ ዋናውን ሐሳብ ከጓደኛው አፍ ሰምቶታል። እንዲህ በወሬ የተሰማ ሐሳብ ደግሞ ከተጻፈው ይልቅ ይበረታል፤ ስለዚህ ወደ ጽሑፉ ተመልሰን ልንመረምረው ወደድን።

ለማያውቀው አንባቢ፣ ፓች ማለት በአንድ ፕሮግራም ኮድ ውስጥ የትኛው መስመር ወጥቶ በየትኛው እንዲተካ የሚያመለክት አጭር ጽሑፍ ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ የልብስ ሰፊ ቃል ነው፤ እኛ እራፊ የምንለው ነው። ላኪው እራፊውን ቈርጦ ይልካል፤ በልብሱ ላይ የሚሰፋው ግን የፕሮግራሙ ኃላፊ ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ መስሎ ይታያል፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን እርሱ ነው።

ሚስተር ሬይመንድ ሁለት የአሠራር ልማዶችን ያነጻጽራሉ። አንደኛውን ካቴድራል ይሉታል፤ ጥቂት ባለሙያዎች በጸጥታ ሲሠሩ ቈይተው፣ ሲጨርሱ ብቻ ሥራቸውን ለሕዝብ የሚገልጡበት ነው። ብዙ ሰዎች ካቴድራል የተባሉት የንግድ ኩባንያዎች ብቻ ይመስሏቸዋል፤ እንዲህ የሚል ሰው ድርሰቱን አላነበበውም። ጸሐፊው በዚህ ምሳሌ ውስጥ ያስገቧቸው ኢማክስን የመሰሉትን የግኑ ፕሮጀክት ነጻ ፕሮግራሞች ጭምር ነው። ሁለተኛው ባዛር ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ ገና በሄልሲንኪ ተማሪ ሳሉ በ1991 የጀመሩት ሊኑክስ ያልተጠናቀቀውን ሥራ ቶሎ ቶሎ እያወጣ፣ ከማንም ዘንድ የመጣውን እርማት እየተቀበለ አደገ። ከዚህ በመነሣት ጸሐፊው 19 ትምህርቶችን ይደረድራሉ። ስምንተኛው በዓለም ሁሉ ታወቀ፤ ይዘቱም የሚመለከቱት ዓይኖች ከበዙ በፕሮግራም ውስጥ ተሰውሮ የሚቀር ስሕተት የለም የሚል ነው። «የሊኑስ ሕግ» ብለው የሰየሙት ሬይመንድ ናቸው እንጂ ቶርቫልድስ ራሳቸው አይደሉም።

ጸሐፊው ከሌሎች ተንታኞች የሚለዩት ሐሳባቸውን በራሳቸው ሥራ ስለ ፈተኑት ነው፤ ለዚህም ልናመሰግናቸው ይገባል። ኢሜይል ከሩቅ ኮምፒዩተር የሚያመጣ ፕሮግራም ሲፈልጉ ሌላ ሰው የጻፈውን ፖፕክላየንትን አገኙ። ፓች ላኩለት። ያ ሰው ግን ለፕሮግራሙ የነበረው ፍቅር ከቀዘቀዘ ቈይቶ ነበርና፣ ወዲያው ተስማምተው ኃላፊነቱን አስረከባቸው፤ ፕሮግራሙም ከጊዜ በኋላ ፌችሜል ተባለ። ይህን ርክክብ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በድርሰቱ ውስጥ እኛን ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘን ቦታ ከዚህ ጥቂት ወረድ ይላል። ከተጠቃሚዎቹ አንዱ አንድ ረቂቅ ኮድ ላከላቸው። ኮዱ የመጣውን ኢሜይል ፕሮግራሙ ራሱ በየፋይሉ እንዲያከማች ከማድረግ ይልቅ፣ በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ላይ ላለው የፖስታ ፕሮግራም አሳልፎ የሚሰጥ ነበር። ያልተጣራ፣ ለሥራ ያልደረሰ ኮድ ነው። ሬይመንድ ግን ይህን አንብበው እስከዚያ ቀን ፕሮግራሙ ይሸከመው የነበረው ሥራ ብዙው ትርፍ ሸክም እንደ ሆነ አስተዋሉ። የፌችሜል ታሪክ የተለወጠውም በዚያ ነው።

እንግዲህ እንጠይቅ። እዚህ ላይ ሥራውን የሠራው ብዛት ነውን? በዚያን ጊዜ ፕሮግራሙን ይፈትኑ የነበሩት ሰዎች ቍጥር እጅግ ቢበዛ ወደ 300 የሚጠጋ ነበር። ሐሳቡን ያፈለቀው ግን አንድ ሰው ነው፤ የሐሳቡን ዋጋ ያወቀውም አንድ አንባቢ ነው። ያ አንባቢ ሰነፍ ቢሆን፣ ወይም በዚያ ሳምንት ቢታመም፣ ወይም እንደዚያ ያሉ 40 ረቂቆች በአንድ ቀን ቢደርሱት፣ ረቂቁ ሳይነበብ ይቀር ነበር። ሚስተር ሬይመንድ ይህን ፈጽሞ አላዩም አንልም፤ በ11ኛው ትምህርት ከተጠቃሚ የመጣን ጥሩ ሐሳብ ለይቶ ማወቅ አንዳንድ ጊዜ ራስ ከማፍለቅ እንደሚበልጥ ጽፈዋል። ነገር ግን ይህን እንደ መሪው የተፈጥሮ ስጦታ አዩት እንጂ፣ ሰዓት የሚበላ፣ ሰውን የሚያደክም፣ ሊያልቅም የሚችል የጕልበት ሥራ አድርገው አልቈጠሩትም። የድርሰቱ ጕድለት ይህ ነው እንላለን። እጅን ቈጠሩ፤ ዓይንን በደፈናው አበዙት።

ባዛር የሚለውም ምሳሌ ቢሆን ገበያ ለሚያውቅ አንባቢ ጥቂት ያስቸግራል። መርካቶ ገብቶ ጋቢ የሚገዛ ሰው ጥለቱን ገልብጦ ያያል፣ ድሩን በጣቱ ይፈትሻል፣ ወደ ብርሃን ይዘረጋዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው የሚከፍለው የራሱን ገንዘብ ስለ ሆነ ነው። ፓች ግን ሳይገዛ የመጣ ስጦታ ነው፤ የሚመረምረውም ሰው የሚመረምረው ለራሱ ሳይሆን፣ መርማሪ እንዳለ እንኳ ለማያውቁ ለብዙ ሺህ ተጠቃሚዎች ነው። ተጠቃሚውም በበኩሉ ኮዱ ክፍት ስለ ሆነ ሌላ ሰው ሳያየው አልቀረም ብሎ ያስባል። እንዲህ ያለ ገበያ አናውቅም። ይልቁንም ሁሉም ስንቅ ይዞ ለሚመጣበትና ወጥ የምታማስለው አንዲት ሴት ብቻ ለሆነችበት ድግስ የቀረበ ይመስለናል፤ ሽንኵርቱ በቅርጫት ይገባል፣ የሚልጠው ግን የለም።

ሊኑክስ ራሱ ከዚህ ችግር ጋራ የተጋጨው ድርሰቱ በተነበበ በዓመቱ ነው። በ1998 የተላኩ ፓቾች ያለ መልስ ይጠፋሉ የሚል ብርቱ ጭቅጭቅ በሠሪዎቹ መካከል ተነሣ፤ ቶርቫልድስ አንድ ሰው ናቸው፣ ፓቹ ደግሞ እንደ ጎርፍ ነበር። በ2002 ቢትኪፐር የተባለ መዝገብ ያዥ ፕሮግራም ተያዘ። በ2005 በነጻ የመጠቀሙ ፈቃድ ሲነሣ ቶርቫልድስ በአፕሪል ወር ጊትን መጻፍ ጀመሩ። ዛሬ ዓለም በጊት ይሠራል፤ የተወለደው ግን ከአንባቢው ጭንቅ እንደ ሆነ ብዙ ተጠቃሚ አያስታውሰውም።

ከርነሉ ለላኪዎች ያወጣው የመመሪያ ጽሑፍ አለ። ውበት የለውም፤ እኛ ግን ከሬይመንድ ድርሰት ቀጥሎ ቢነበብ እንመርጣለን። አንድ ፓች አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ ይላል። ለውጡን ከመግለጥህ በፊት ችግሩን ግለጥ፣ ተጠቃሚው ምን እንደሚደርስበት አሳይ ይላል። ፓቹ በኢሜይል ውስጥ በተራ ጽሑፍ ይግባ ይላል፤ መርማሪው መስመሩን ጠቅሶ በሥሩ መልስ መጻፍ እንዲችል ነው። መልስ ከዘገየ ከአንድ ሳምንት በፊት አትጐትጕት ይላል። ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ላኪው ኮዱን የመስጠት መብት እንዳለው በስሙ የሚፈርምበት መስመር ተጨምሯል፤ ይህ የመጣው ኤስ ሲ ኦ የተባለው ኩባንያ በ2003 አይ ቢ ኤምን ስለ ሊኑክስ ኮድ ከከሰሰ በኋላ ነው። ከፊርማው በቀር ሌላው ሁሉ የተደነገገው ለማን እንደ ሆነ አንባቢ ልብ ይበል። ላኪውን ለማስከበር አይደለም፤ የሚያነበውን ሰው ጊዜ ለማትረፍ ነው። ማንም የሚገባበት ገበያ የተባለው በር ላይ የቆመው ዘበኛ፣ መልእክትህን አሳጥረህ ና የሚል ነው።

ይህን የምንጽፈው ከውጭ ሆነን በመመልከት ብቻ አይደለም። ሦስት ሆነን ለአንድ ነጻ ፕሮግራም ፓች ልከን ነበር። ፕሮግራሙ የአውሮፓን ቀን ወደ ኢትዮጵያ ቀን፣ የኢትዮጵያንም ወደ አውሮፓ የሚለውጥ ሲሆን፣ ጳጕሜን ሁልጊዜ 5 ቀን አድርጎ ስለሚቈጥር በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ ጳጕሜን 6 ስትሆን፣ ቀኑን መስከረም 1 ይለው ነበር። ስሕተቱን አገኘን፤ ደስታችን ብዙ ነበር። ደስታ ደግሞ እጅን ያስረዝማል፤ በዚያው ፋይል ውስጥ ያላማሩንን ስሞች ለወጥን፣ የመስመሮቹን አሰላለፍ አስተካከልን፣ በመጨረሻ ከ400 መስመር በላይ የሚነካ ፓች ላክን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳይገባ ተመለሰልን። ኃላፊው የሦስት መስመር መልስ ጽፎ ነበር፤ ስሞቹ ለምን ተለወጡ፣ የትኞቹን ዓመታት ሞከራችሁ፣ ቀኑ ሄዶ ሲመለስ ያው ቀን ይሆናልን?

ተቈጣን። ስለ ባሕረ ሐሳብ አንዲት ፊደል የማያውቅ የውጭ አገር ሰው እኛን ስለ ጳጕሜን ይጠይቀናል ብለን በምሳ ሰዓት ስናማው ዋልን። ማታ ግን ሦስተኛውን ጥያቄ ሞከርነው። ከአውሮፓ ወደ ኢትዮጵያ የሚወስደውን መንገድ አርመን፣ የሚመልሰውን ረስተነው ኖሯል፤ ጳጕሜን 6 ሄዳ በሌላ ቀን ትመለስ ነበር። ሰውየው ዘመነ ሉቃስን ሳያውቅ ስሕተታችንን ያገኘው ስላነበበና ስለ ጠየቀ ብቻ ነው። በሁለተኛው ጊዜ የላክነው ፓች 6 መስመር ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር የ2007ን፣ የ2011ንና የ2015ን ጳጕሜን የሚፈትን ጽሑፍ አያይዘን ላክን። ገባ። ያ ሰው በእኛ 400 መስመር ላይ ስንት ሰዓት እንዳጠፋ ግን አልጠየቅነውም፤ ለመጠየቅም አፈርን።

ይህ የእኛ ነገር ቀላል ነው፤ በጳጕሜን ምክንያት የሚፈርስ ቤት የለም። የአንባቢ መታጣት ምን ያህል ሊጐዳ እንደሚችል ለማየት ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ወደተባለው፣ የባንክና የፖስታ ምስጢር ሁሉ ወደሚመሰጠርበት ፕሮግራም መሄድ ያስፈልጋል። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ሥርጭት ይህን ፕሮግራም ተቀብሎ ለተጠቃሚዎቹ ሲያዘጋጅ፣ በ2006 አንድ ፓች ጨመረበት። ምክንያቱ መልካም ነበር፤ የሜሞሪ ስሕተት የሚፈልግ መሣሪያ በአንዳንድ መስመሮች ላይ ያጕረመርም ነበርና መስመሮቹ እንዲወጡ ተደረገ። ዳሩ ግን ከወጡት አንዱ ምስጢራዊ ቁልፍ በሚፈጠርበት ጊዜ የሚያስፈልገውን፣ ማንም ሊገምተው የማይችለውን ቍጥር የሚያዋጣ መስመር ነበር። እርሱ ከወጣ በኋላ የቀረው ምንጭ የፕሮግራሙ የሥራ መለያ ቍጥር ብቻ ሲሆን፣ ይህም ከ32,768 አይበልጥም። በዴቢያንና ከእርሱ በተወለዱት ሥርጭቶች ላይ የተፈጠሩት ቁልፎች ሁሉ ከዚያ ጥቂት ብዛት ውስጥ ሆኑ። ነገሩ ተገልጦ የታወቀው በሜይ 2008 ነው።

ሰው የሚገረመው እዚህ ላይ ነው፤ ፓቹን ያዘጋጀው ሰው በጭፍን አልሠራም። ወደ ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ሰዎች ጽፎ እነዚህን መስመሮች ባወጣቸው ምን ይመስላችኋል ብሎ ጠይቋል፤ ስሕተት ለመፈለግ የሚረዳ ከሆነ ይውጡ የሚል መልስም አግኝቷል። ጠያቂው የጠየቀው ለዘለቄታው ነው፤ መላሹ የመለሰው ለሙከራ መስሎት ነው። ፓቹም ራሱ በሙሉ መልኩ ለምርመራ ወደ ምንጩ አልተላከም። ዓይኖች ነበሩ፤ ሁለቱ ወገኖች ግን አንድ ጽሑፍ በአንድነት አላነበቡም። ክፍት በሆነ ኮድ ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል የኖረ ስሕተት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሃርትብሊድን ብዙ ሰው ስለሚያውቀው በአጭሩ እናልፈዋለን። በዚያው ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ውስጥ አንድ ተማሪ ያዋጣው አዲስ ክፍል በአንድ የቡድኑ አባል ተመርምሮ ገባ፤ በማርች 2012 በወጣው 1.0.1 እትምም ለዓለም ተሠራጨ። ላኪው ይህን ያህል ነው ብሎ የሚሰጠውን የርዝመት ቍጥር ፕሮግራሙ ከእውነተኛው ርዝመት ጋራ ሳያመሳክር ያምነዋል፤ ስለዚህ አንድ ባዕድ በአንድ ጊዜ እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ የሰርቨሩን ሜሞሪ ሊቀዳ ይችል ነበር። የታወጀው በአፕሪል 7 ቀን 2014 ነው። ሁለት መርማሪዎች፣ አንዱ በጉግል ሌላው በፊንላንድ፣ ለየብቻቸው አገኙት። ወዳጆቹ ይህን የሊኑስ ሕግ ድል ነው አሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ የደረሰ ዓይን! ያን ጊዜ ፕሮግራሙን የሚጠብቁት ሰዎች በጣት የሚቈጠሩ እንደ ነበሩና በዓመት የሚያገኙት የስጦታ ገንዘብ 2,000 ዶላር ያህል ብቻ እንደ ነበረ ከዚያ ወዲያ ታወቀ። ሊኑክስ ፋውንዴሽን ከትልልቅ ኩባንያዎች ገንዘብ አሰባስቦ እንዲህ ያሉትን ፕሮግራሞች መርዳት የጀመረው በዚሁ ወር ነው።

አሁን ወደ ርክክቡ እንመለስ። በድርሰቱ አምስተኛው ትምህርት፣ ለፕሮግራምህ ፍቅር ባጣህ ጊዜ የመጨረሻው ግዴታህ ለብቁ ተተኪ ማስረከብ ነው ይላል። ሬይመንድ ፖፕክላየንትን የተረከቡት በዚህ መንገድ ነው፤ ፓች ላኩ፣ ችሎታቸው ታየ፣ በሩ ተከፈተላቸው። በ2021 ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ ሰው፣ ወይም በዚያ ስም የተሰወሩ ሰዎች፣ ኤክስዜ ወደተባለው ፋይል የሚያጨምቅ ፕሮግራም ሥራ መጡ። ፕሮግራሙ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ላይ ለማለት በሚቻል መጠን ይገኛል። የሚጠብቀውም ለብዙ ዓመታት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጂያ ታን ፓች ላከ፤ ፓቹም ጥሩ ነበር። በ2022 ሌሎች የማይታወቁ ስሞች እየተነሡ፣ ሥራው ዘገየ፣ ተተኪ ያስፈልጋል እያሉ ኃላፊውን ያስጨንቁት ጀመር። እርሱም ሕመም እንዳለበት፣ ይህም ደመወዝ የሌለው የትርፍ ጊዜ ሥራው እንደ ሆነ በግልጥ ጽፎ መለሰ። ከዚህ በኋላ ጂያ ታን የኃላፊነቱ ተካፋይ ሆነ። አምስተኛው ትምህርት የሚጠይቀውን ሁሉ አሟልቶ ነበር፤ ብቁ ነበረና።

በ2024 መጀመሪያ የወጡት 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች በውስጣቸው የተሸሸገ በር ነበራቸው። በሩም በርቀት ወደ ኮምፒዩተር የሚገባበትን የኤስ ኤስ ኤች አገልግሎት ለባለ ምስጢሩ ይከፍት ነበር። ያገኙት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባሉ የፖስትግሬስ መሐንዲስ ሲሆኑ፣ የገለጡት በማርች 29 ቀን ነው። ኤክስዜን ለመመርመር አልተቀመጡም፤ የሌላ ሥራ ፍጥነት ሲለኩ የኤስ ኤስ ኤች መግቢያ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ዘግይቶባቸው፣ ለምን ዘገየ ብለው ተከታተሉት። እትሞቹ ወደ ዋናዎቹ ሥርጭቶች ገና በስፋት ሳይገቡ ተያዙ።

ይህም ደግሞ ለሬይመንድ ምስክር ተደርጎ ሲጠቀስ እንሰማለን፤ ኮዱ ዝግ ቢሆን ኖሮ ማን ያገኘው ነበር ይባላል። ሚስተር ፍሮይንድ ምንጩን ከፍተው ማየት ባይችሉ ኖሮ ነገሩን እስከ ሥሩ ባልደረሱበት ነበር፤ ይህን እንቀበላለን። ነገር ግን ሁለት ነገር እንመልሳለን። አንደኛ፣ መጀመሪያ ነገሩን ያየው ዓይን በኮዱ ላይ አልነበረም፤ በሰዓቱ ላይ ነበር። ሁለተኛ፣ በሩን የሚያነቃው ጽሑፍ ሁሉም ሰው በሚያየው በጊት መዝገብ ውስጥ አልተጻፈም። የተጨመረው ለሥርጭት ታሽጎ በሚወጣው ጥቅል ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ ሌላው አካሉ በመዝገቡ ውስጥ የሙከራ ፋይል መስሎ በማይነበብ መልክ ተቀምጦ ነበር። ስለዚህ ሺህ ዓይኖች መዝገቡን ቀንና ሌሊት ቢጠብቁት እንኳ የጠበቁት የተሰራጨውን ዕቃ አልነበረም። «ካቴድራሉና ባዛሩ» ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ በ1997 የተጻፈን ድርሰት በ2024 ነገር መክሰስ ፍርድ አይደለም። ነገር ግን ብቁ ተተኪ ሲል፣ ብቃቱን ማን አንብቦ ይመሰክር ብሎ ለመጠየቅ 2024ን መጠበቅ አያስፈልግም ነበር። ራሳቸው የተረከቡበት ሰዓት እንኳ ይህን ጥያቄ ሊያስነሣ ይችል ነበር።

ነገሩ ከተገለጠ በኋላ የኤክስዜ የቀድሞው ኃላፊ ወደ ሥራው ተመልሶ፣ በባልደረባው ስም የገባውን ሥራ መመርመር ያዘ። ከተሸሸገው በር የጸዳው 5.6.2 እትም የወጣው በሜይ 29 ቀን 2024፣ ልክ በሁለተኛው ወር ነው።